ፕራቶ፦ አሮጌ ሱፍ ዳግም ጨርቅ የሚሆንባት ከተማ፣ ከቦንዳ እስከ ካፖርት

የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ያየ ሰው መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ክምር ያውቀዋል። ክርኑ የተበሳ ሹራብ፣ ብል የበላው ካፖርት፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሕፃን ልብስ ያከለ የሱፍ ጃኬት። ማንም አይለብሰውም። ከሱፍ የተሠራ ከሆነ ግን አልሞተም፤ ዋጋም ገዢም አለው። ከእነዚህ ገዢዎች መካከል በአውሮፓ ስሟ የገነነው ፕራቶ ናት። በጣሊያን ቶስካና ክልል፣ ከፍሎረንስ በሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 195,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ።

ስለ ፕራቶ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ወይ የቻይኖቹ ብዛት ነው ወይ የሥራው መገኘት። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም፤ ከተማዋን ግን አያስረዱም። የሚያስረዳት አንድ አሮጌ ሹራብ ከቦንዳ ወጥቶ ጨርቅ እስኪሆን የሚያልፍባቸው እጆች ናቸው። እጆቹ ብዙ ናቸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥርም አይደሉም። ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለጥናት ወደዚያ የምታቀኑ ከሆነ በዚህ ሰንሰለት በኩል ግቡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይገባችኋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቢዜንዚዮ ወንዝ ከአፔኒን ተራሮች ተነሥቶ በጠባብ ሸለቆ ይወርድና ሳንታ ሉቺያ ከተባለው ሰፈር አጠገብ ሜዳው ላይ ይወጣል። በምሥራቅ የካልቫና ተራራ አለ። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ሞንቴፌራቶ፣ በከተማዋ ካቴድራል ግድግዳ ላይ ከነጩ ጋር እየተፈራረቀ የሚታየው አረንጓዴ ድንጋይ የተፈለጠበት ኮረብታ። ወንዙ ከሸለቆው በሚወጣበት አፍ ላይ በመካከለኛው ዘመን ካቫልቾቶ የተባለ መቀልበሻ ተሠራ። መቀልበሻው ወንዙን አያግደውም፤ ከፊሉን ውሃ ጎሬ ወደሚባሉ ቦዮች ያዞረዋል። ሜዳው ወደ ደቡብ ቀስ እያለ ስለሚያዘቀዝቅ ቦዩ በሄደበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ የውሃ ጉልበት ይገኝ ነበር። መጀመሪያ ወፍጮና የሱፍ መውገሪያ (የሱፍ ጨርቅ እየደበደበ የሚያጠብቅ)፣ ኋላም ማባዘቻና መፍተያ በየቦዩ ዳር ተተከሉ። አንድ ትልቅ ፏፏቴ ቢኖር ኖሮ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ይተከልበት ነበር ብለን እናስባለን። ጉልበቱ ተቆራርሶ ስለተገኘ ሥራውም ተቆራርሶ ቀረ።

ቦዮቹ ዛሬ አብዛኞቹ ከአስፋልት ሥር ናቸው። ውሃው ግን መንገዱን አይረሳም። በኖቬምበር 2 ቀን 2023 ሌሊት ቻራን በተባለው ማዕበል ቢዜንዚዮና ገባሮቹ ሞልተው ሸለቆውን፣ ፕራቶን፣ ሞንቴሙርሎንና ካምፒ ቢዜንዚዮን አጥለቀለቁ፤ ብዙ ፋብሪካና መጋዘን ጭቃ ገባበት። ስለዚህ እዚያ መጋዘን የሚከራይ ሰው ከኪራዩ ዋጋ በፊት የጎርፍ ካርታውን ይጠይቅ። ቦንዳ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም በክንድ ያህል ርቆ ነው። ውሃ የጠጣ የሱፍ ቦንዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተፈትቶ ካልደረቀ ከመሐሉ እየሞቀ ይሻግታል፣ ቀለሙም እርስ በርስ ይጋባል። አንድ ጊዜ ሽታው ከገባበት በኋላ ማጠቡ ከዋጋው ይበልጣል።

ሥራን ከፋፍሎ ማሠራት በፕራቶ የቆየ ልማድ ነው። እዚያው ተወልዶ በ1410 የሞተው ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ከሜኖርካ ደሴት ሱፍ እያስመጣ ለአንዱ ያሳጥብ፣ በየገጠሩ ላሉ ሴቶች ያስፈትል፣ ለሌላው ያሸምን፣ ለሌላው ያስነክር ነበር። 150,000 ያህል ደብዳቤዎቹ ከነሂሳብ መዝገቦቹ ዛሬም አሉ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚነበበው ንዝንዝ፣ የዘገየ ክር፣ የጎደለ ክብደት፣ የከሸፈ ቀለም፣ አሁን በስልክ ከሚሰማው ብዙ አይለይም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጆቫን ባቲስታ ማዞኒ (1789–1867) በፈረንሳይ ያየውን የመፍተያ ማሽን አሠራር ወደ ከተማው አመጣ። ከአሮጌ ልብስ ሱፍ የማውጣቱ ዘዴ ግን የእንግሊዞች ነው፤ ዮርክሻየር ውስጥ ባትሊ በተባለች ከተማ ቤንጃሚን ሎው በ1813 ጀመረው። ፕራቶ የደረሰው በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ገደማ ነው። ከተማዋ ጥሩ የበግ ሱፍም የድንጋይ ከሰልም አልነበራትም። ውሃና ለቃሚ እጅ ነበራት፤ ቡትቶም ርካሽ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ኦስትሪያውያን ባለሀብቶች ፋብሪኮኔ (ትልቁ ፋብሪካ ማለት ነው) የተባለውን ተከሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉን የሚሠራ ተቋም ለፕራቶ እንግዳ ነበርና ሕዝቡ በመጠኑ ሰየመው።

እኛን የሚነካ አንድ ምዕራፍ እዚህ ላይ አለ። የፋሺስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን ሲወር የመንግሥታቱ ማኅበር ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ በጣሊያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ብርድ ልብስና ሻርፕ ወደ ውጭ እየላከ የሚኖር ከተማ ገበያው ተነካ፤ የሠራዊት ልብስ ትእዛዝ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ሱፍ እንዲቀንስ ስለተፈለገ ከቡትቶ የሚወጣው ሱፍ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። የጦርነቱ መጨረሻ መራራ ነበር። በማርች 1944 ሠራተኞች ሥራ ካቆሙ በኋላ ከ130 የሚበልጡ ሰዎች ተይዘው ማውትሃውዘንና ቅርንጫፉ ኤቤንዜ ወደተባሉት የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ፤ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። የኦስትሪያዋ ኤቤንዜ ዛሬ የፕራቶ እህት ከተማ ናት።

አሁን ወደ ሹራቡ።

የመጀመሪያው ሰው ቼንቻዮሎ ይባላል፤ ቼንቺ ቡትቶ ማለት ነው። ሥራው መለየት ነው፣ የሚለየውም በጣቱ ነው። የለመደ ሰው ሱፍንና አክሪሊክን (ሱፍ የሚመስለውን ሰው ሠራሽ) ሳያይ በመዳሰስ ያውቃል። ያልለመደ ግን አይመን፤ በእሳት ይሞክር። ከልብሱ ስፌት አጠገብ አምስት ስድስት ክር ነቅላችሁ በወረንጦ ይዛችሁ ላይተር አስጠጉበት። ሱፍ ሲቃጠል እንደ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሣ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ቅሪትም በጣት ሲታሽ ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር እየቀለጠ ይሰበሰብና ሲበርድ የማይደቅ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይነዳል፣ እሱም ቋጠሮ ይተዋል። ቅልቅል ከሆነ የእሳቱ መልስ ያምታታል። ያን ጊዜ ቁራጩን በበረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ሱፉ ይሟሟል፣ ጥጡና ሰው ሠራሹ ይቀራል። የቀረውን አይቶ መጠኑን መገመት ይቻላል። ሙከራው በሚተነፍስ ቦታና በጓንት ይሁን፤ በረኪናን ከአሲድ ጋር ማገናኘት መርዛማ ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይደረግም።

በሹራብ መልክ የተሠራ ከተሸመነው ለብቻ ይቀመጣል። የሹራብ ክር ላላ ያለ ስለሆነ ሲበተን ረዘም ያለ ጭረት (ክር የሚፈተልበት ቀጭን የሱፍ ጸጉር) ይሰጣል፤ የተወገረ ካፖርት ግን ጭረቱ እርስ በርስ ስለተያያዘ ሲቀደድ ይሰባበራል። ቀጥሎ አዝራር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ መለያ ጨርቅ ይነሣል። ስፌቱም ይቆረጣል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው። የዛሬ መስፊያ ክር ፖሊስተር ነው። በሱፉ ውስጥ ከቀረ ምንም አያወጣውም፤ ጨርቁ ካለቀ በኋላ የሱፍ ቀለም ስለማይዘው ነጭ ነቁጥ ሆኖ ይታያል። ሁለት ጣት ያህል ከስፌቱ ጋር ቆርጦ መጣል ክብደት ያስቀንሳል፣ ግን ጨርቁን ያድናል።

ከዚያ ቀለም ነው፤ የፕራቶ ዋናው ጥበብ ይሄ ይመስለናል። ሰማያዊ ብሎ መከመር አይበቃም። ባሕር ኃይል ሰማያዊ፣ የሠራተኛ ቱታ ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው፣ እያንዳንዱ የራሱ ክምር አለው። ቀለሙ በደንብ ከተለየ እንደገና መንከር አያስፈልግም፤ የመንከሪያው ውሃ፣ ጋዝና ኬሚካል በሙሉ ይቀራል። ነጭና ክሬም በማንኛውም ቀለም ስለሚነከሩ ውድ ናቸው። ጥቁር ሁሉን ስለሚሸፍን ሁልጊዜ ይፈለጋል። ባለ መስመሩና ዥጉርጉሩ ወደ ጨለማ ቅልቅል ይሄዳል።

ቦንዳ ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር። በጠቅላላ ክብደት አትዋዋሉ፤ ከመሐል (ከላይ ሳይሆን) 50 ኪሎ አስፈትታችሁ ለዩና የተጣራውን መዝኑ። ከ50ው 33 ከወጣ የእውነተኛው ኪሎ ዋጋ ከተነገራችሁ በግማሽ ይበልጣል ማለት ነው። ሁለተኛው እርጥበቱ ነው። ሱፍ በእጅ ሲነካ ደረቅ እየመሰለ ብዙ ውሃ ይይዛል። በአውሮፓ ሕግ ለካርዳቶ ሱፍ፣ ማለት ሳይበጠር ለተባዘተው፣ የሚፈቀደው የንግድ እርጥበት በደረቁ ክብደት ላይ 17 ከመቶ ነው። ከዚያ በላይ የያዘ ጭነት ውሃ በሱፍ ዋጋ እየሸጠላችሁ ነው። ከቦንዳው እምብርት ናሙና በፕላስቲክ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ተከፍቶ የቆየ ናሙና ውሸታም ነው።

ጥጥ የተቀላቀለበት ሱፍ ወደ ካርቦኒዞ ይሄዳል። ልብሱ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ በጋለ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይታጠናል፣ ወይም በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክሮ ይደርቃል። አሲዱ ጥጡን ከሰል አድርጎ ያሳርረዋል፣ ሱፉን ግን ይተወዋል። ከዚያ ሲመታ ጥጡ እንደ ትቢያ ይራገፋል። ፖሊስተርንና አክሪሊክን ይህ አይነካቸውም፤ ያለፈው መለየት ካልተሠራ እዚህ አይታረምም። የተለመደው ጥፋት ደግሞ አሲዱን በሶዳ በደንብ አለማክሸፍ ነው። ሱፉ በዕለቱ ደህና ይመስላል፤ በመጋዘን ሳምንታት ከከረመ በኋላ ሲጎተት እንደ ደረቅ ሣር ይበጠሳል።

መበተኛው ማሽን ጥርሳም ከበሮ ነው። በደረቁ ከሆነ ሱፉ አስቀድሞ በውሃና ዘይት ይረጫል፤ አለበለዚያ ጭረቱ ይደቃል፣ አቧራውም ሰው ያፍናል። ሹራብን ውሃ ውስጥ እያጠቡ መበተንም አለ፤ ጭረቱ ብዙም አይጎዳም፣ ቆሻሻውም አብሮ ይወጣል፣ ነገር ግን ማጠቢያና ማድረቂያ ይጠይቃል። አዲስ የበግ ሱፍ ጣት የሚያህል ርዝመት ካለው ከዚህ የሚወጣው በአብዛኛው ከግማሹ ያጠረ ነው። ከበሮው በፍጥነት በዞረ ቁጥር ምርቱ በሰዓት ይጨምራል፣ ጭረቱ ግን ያጥራል። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ማፍጠን ይወዳል፤ ፈታዩ ቆይቶ ዋጋውን ይከፍላል።

አጭር ጭረት ለብቻው ደካማ ክር ስለሚሆን አዲስ ሱፍ ወይም ናይሎን ይደባለቅበታል። ድብልቁ እንደ ድርብርብ እንጀራ ወለል ላይ በአግድም ይነጠፋል፣ ሲነሣ ግን ከላይ ወደ ታች እየተቆረጠ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ አንዱ ቦቢን ቀይ የበዛበት፣ ሌላው ግራጫ የበዛበት ይወጣል። ቀለሙ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ጥቂት ግራም በእጅ ማበጠሪያ ተባዝቶ፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታሽቶ፣ እንደ ወፍራም ባርኔጣ ጨርቅ ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። ያልታሸ ድብልቅ ሁልጊዜ ከሚሆነው ገርጥቶ ይታያል። ይህን አምስት ደቂቃ ዘልሎ ቶን ሙሉ የደባለቀ ሰው ማስተካከያው ሌላ ግማሽ ቶን ይጠይቀዋል።

ማባዘቻው ላይ ሱፉ ቀጭን ባዘቶ ይሆንና በቀበቶ ተከፋፍሎ ወደ መፍተያ ያልፋል። የክር ቁጥር የሚለካው አንድ ኪሎ ስንት ሺህ ሜትር እንደሚሰጥ ነው፤ ቁጥር 10 ማለት ከኪሎ 10,000 ሜትር ነው። ከቡትቶ ሱፍ ወፍራም ክር ይወጣል፤ ለካፖርት፣ ለጃኬት፣ ለብርድ ልብስ ይስማማል። ቀጭን የበጋ ሱፍ ልብስ የሚፈልግ ሰው ሌላ ከተማ ይሂድ፤ የሰሜን ጣሊያኗ ቢዬላ ለዚያ ተሠርታለች። በሽመና ላይ ድሩ ቶሎ ስለሚበጠስ መሸመኛው ዝግ ብሎ ይሠራል። ደካማውን ክር ማግ ማድረግና ድሩን ጠንከር ካለ ክር ማድራት የድሮ ብልሃት ነው።

ከመሸመኛው የወረደው ጨርቅ ለማያውቅ ሰው አሳፋሪ ነው፤ ወንፊት ይመስላል፣ ዘይት ይሸታል። ጨርቅ የሚያደርገው ማጠናቀቂያው ነው። ዘይቱ ይታጠባል፣ ከዚያ በሳሙና፣ በሙቀትና በግፊት ይወገራል። ባና ወይም በርኖስ ያየ ሰው የሱፍ ጨርቅ ሲጠቀጠቅ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ወርዱ ሩቡን ያህል ሊጠብ ይችላል፣ አጫጭሩ ጭረት ተቆላልፎ ይይዛል። ለአጭር ጭረት ጥንካሬ የሚሰጠው ይህ መቆላለፍ ነው። ብዙ ከተወገረ ጨርቁ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ ካነሰ ደግሞ በአንድ ክረምት ብብቱ ሥር እንክብል ያወጣል። በዚህ ላይ መመሪያ ወረቀት ብዙ አይረዳም፤ ማሽኑን እያቆመ ወርዱን በሜትር የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን የተቆጠሩትን እጆች አስቡ፤ ለቃሚ፣ አሳራሪ፣ በታኝ፣ ደባላቂ፣ ፈታይ፣ አድሪ፣ ሸማኔ፣ አጠናቃቂ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ሲያጡ መሸመኛቸውን ለራሳቸው ሠራተኞች ሸጡ ወይም አከራዩ። ሠራተኛው መሸመኛውን ከቤቱ ሥር አቆመና ቴርዚስታ፣ ማለት በትእዛዝ የሚሠራ ባለ ትንሽ ድርጅት ሆነ። ከላይ ደግሞ ኢምፓናቶሬ የሚባለው አለ። ማሽን የለውም፤ የሚሸጥ ናሙና፣ ደንበኛና ስልክ አለው። ጨርቁን ይነድፋል፣ ሱፉን ይገዛል፣ ለእያንዳንዱ ቴርዚስታ ያከፋፍላል። ፈታዩ በኪሎ፣ ሸማኔው በማግ ብዛት፣ አጠናቃቂው በሜትር ይከፈላል። ጃኮሞ ቤካቲኒ የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር የኢንዱስትሪ ቀበሌ (ትንንሽ ድርጅቶች በአንድ አካባቢ ሥራ የሚከፋፈሉበት) የሚለውን ሐሳቡን ሲያስረዳ ዋና ምሳሌ ያደረጋት ፕራቶን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 60,000 ገደማ ሰው በጨርቅ ሥራ ላይ ነበር።

የዚህ አሠራር ጉልበቱ ፍጥነቱ ነው። ፋሽኑ ሲዞር ኢምፓናቶሬው ማሽን አይለውጥም፣ ቴርዚስታ ይለውጣል። ሕመሙም እዚያው ነው። ትእዛዝ ሲቀር ቀድሞ ባዶ እጁን የሚቀመጠው ባለ ማሽኑ ነው። ጉድለት ሲገኝም ጠበኛው ብዙ ነው፤ በጨርቁ ላይ ጥቁር መስመር ታየ እንበል፣ አጠናቃቂው ሸማኔውን፣ ሸማኔው ፈታዩን፣ ፈታዩ ለቃሚውን ይከሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ሰው ግን ይሰለቸዋል። ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ቁጥር ሰጥታችሁ በየደረጃው ናሙና አስቀሩ፦ 200 ግራም ድብልቅ፣ አንድ ቦቢን፣ ከመሸመኛ እንደወረደ ግማሽ ሜትር ጨርቅ። ጉድለቱ በየትኛው ናሙና ላይ እንደጀመረ ማየት ክርክሩን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወፍራም ካርዳቶ ከፋሽን ወረደ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሲነሣ ርካሽ ጨርቅ ገባ፤ በ2000ዎቹ ውስጥ የጨርቁ ሥራና ሠራተኛው ወደ ግማሽ ወረደ። የቀድሞ ፋብሪካዎች ወደ መኖሪያ፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሱፐርማርኬት ተለወጡ።

ቻይኖቹ የመጡት ከ1990 ገደማ ጀምሮ ነው፤ አብዛኞቹ ከዢጂያንግ ግዛት፣ ከዌንዡ አካባቢ። በብዛት የሚሳሳቱበት ነጥብ ይኸውና፦ የጨርቁን ሥራ ነጠቁ ይባላል፤ የያዙት ግን ሌላ ሥራ ነው። በማክሮሎቶ የኢንዱስትሪ ሰፈር ያሉት አብዛኞቹ ድርጅቶች ጨርቅ አይሠሩም፣ ልብስ ይሰፋሉ። ፕሮንቶ ሞዳ ይባላል፤ ዛሬ የታዘዘ ቀሚስ በቀናት ውስጥ ተሰፍቶ ለመላው አውሮፓ ነጋዴ በጅምላ ይጫናል። ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ኢኮኖሚዎች የሚገናኙት በማቅለሚያ ቤቱ፣ በመጋዘን ኪራዩና ቪያ ፒስቶዬዜ በተባለው መንገድ ሱቆች ነው። ጣሊያናዊው ባለ መጋዘን ሽመናው ሲቆም ከኪራዩ ኖሯል፤ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

በዲሴምበር 1 ቀን 2013 በማክሮሎቶ አንድ የስፌት መጋዘን ተቃጥሎ ውስጡ ያድሩ የነበሩ 7 ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቶስካና ክልል ተቆጣጣሪዎችን አብዝቶ መጋዘኖቹን በየተራ ማየት ጀመረ። የውስጥ ማደሪያ ቀነሰ፤ የሰዓቱ ጉዳይ ግን አልተፈታም። ባለፉት ዓመታት አብዛኞቹ ፓኪስታናውያንና ባንግላዴሻውያን የሆኑ ሠራተኞች በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የሚል ጥያቄ ይዘው በየፋብሪካው በር አድማ አድርገዋል። ሕጉ የሚለውን መጠየቅ አድማ የሚያስፈልገው መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ለሥራ የምትሄዱ እንግዲህ ይህን ያዙ። አሠሪው ቅጥራችሁን ሥራ ከመጀመራችሁ ቢያንስ አንድ ቀን በፊት ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ የማሳወቂያውን ቅጂ (ኡኒላቭ ይባላል) ጠይቁ። ዋናው ማጭበርበሪያ ያለ ውል ማሠራት ብቻ አይደለም፤ በወረቀት 4 ሰዓት፣ በእውነት 12 ሰዓት የሚባለው ነው። ውል አለኝ ብላችሁ ትረጋጋላችሁ፣ የጡረታ መዋጮአችሁ ግን ከሲሶው አያልፍም። ቡስታ ፓጋውን፣ ማለት የደመወዝ ወረቀቱን፣ በየወሩ አስቀምጡ። በኢንፕስ (የጡረታ ተቋሙ) ድረ ገጽ በስፒድ (የጣሊያን ዲጂታል መታወቂያ) ገብታችሁ የመዋጮ መግለጫችሁን በየጥቂት ወሩ እዩ። አሠሪው የሚነግራችሁና መዝገቡ የሚለው ካልገጠመ የሠራችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ፣ ሥራ ግቡ የተባላችሁባቸውን የስልክ መልእክቶች አትደምስሱ፣ ከዚያ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ሂዱ።

በማሽኑ ላይ ደግሞ፦ ማባዘቻና መበተኛ እየዞረ በፍጹም በእጅ አይጸዳም፤ ልቅ እጅጌ፣ ነጠላና ሻርፕ፣ ያልታሰረ ጸጉር አይፈቀድም። መከላከያ ፍርግርጉ ለፍጥነት ሲባል የተነሣ ማሽን ላይ አትቁሙ። ዘይት የነካ የሱፍ ብናኝ በጆንያ ታፍኖ ሲከማች ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በየፈረቃው ይውጣ። መጋዘን ስትገቡ መጀመሪያ ሁለተኛውን በር ፈልጉ። ከሌለ፣ ወይም በቦንዳ ከተዘጋ፣ ያ ቦታ አይሆንም።

ልብስ ለምትገዙ ደግሞ መለያውን ማንበብ ይጠቅማል። በአውሮፓ ሕግ ላና ቬርጂኔ (ድንግል ሱፍ) ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ በፊት ክርም ጨርቅም ሆኖ ለማያውቅ ሱፍ ብቻ ነው። ላና ብቻ ከተባለ ከቡትቶ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሐሰት አይደለም፣ ነውርም አይደለም። ላና 70፣ ናይሎን 20፣ አልትሬ ፊብሬ (ሌሎች ጭረቶች) 10 የሚል ካያችሁ የለቃሚው እጅ ያለፈበት መሆኑን ገምቱ፤ ከአሮጌ ልብስ የገባውን ትንሽ ትንሽ ጭረት በትክክል መቁጠር ስለማይቻል ሕጉ በጥቅሉ እስከ 15 ከመቶ ድረስ እንዲህ እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ፕራቶዎች ለረጅም ጊዜ ከቡትቶ መሠራቱን ይደብቁት ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ማስታወቂያ ሆኗል፤ ካርዳቶ ሪሳይክልድ የሚለው የከተማዋ ምልክት ቢያንስ 65 ከመቶ ዳግም ከተሠራ ጭረት የሆነ ጨርቅ ላይ ነው የሚሰጠው። ወሬውን ከሥራው የሚለየው ለየትኛው ጭነት የምስክር ወረቀት እንዳለ መጠየቅ ነው፤ ምልክቱ ለድርጅቱ ሁሉ ጨርቅ አይሠራም።

ውሃውን በተመለከተ ድሮ የጎሬ ቦዮች የዕለቱን ቀለም ይዘው ይወርዱ ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የፋብሪካው ፍሳሽ ባቻካቫሎ በተባለው ማጣሪያ ይሰበሰባል፤ ከተጣራው ከፊሉ ለፋብሪካ ብቻ በተዘረጋ ቧንቧ ተመልሶ ይሄዳል። ለማቅለሚያ ቤት ዛሬ ከባዱ ውሃው ሳይሆን ጋዙ ነው፤ በ2022 ዋጋው ሲንር ብዙዎቹ ማሞቂያቸውን ያጠፉባቸው ሳምንታት ነበሩ።

ለማየት ብቻ የምትሄዱ ከፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ በክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለመሐል ከተማ ፕራቶ ፖርታ አል ሴራሊዮ ከዋናው ጣቢያ ይቀርባል። የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየሙ ካምፖልሚ በተባለው አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የቀድሞው የእንፋሎት ማሞቂያ እዚያው አለ። በካቴድራሉ ደግሞ የእመቤታችን ነው የሚባል መቀነት ይጠበቃል፤ በትውፊታቸው ለሐዋርያው ቶማስ የሰጠችው ነው። በፍልሰታ ስለ ቶማስና ስለ ሰበኑ ሲነገር ያደገ ሰው ታሪኩን ወዲያው ያውቀዋል። መቀነቱ ዶናቴሎና ሚኬሎዞ ከሠሩት የውጭ ሰገነት ላይ በዓመት አምስት ጊዜ ለሕዝብ ይታያል፦ በፋሲካ፣ በሜይ 1፣ በኦገስት 15፣ በሴፕቴምበር 8 እና በገና። ትልቁ የሴፕቴምበሩ ነው፤ ያን ቀን ለማየት ከፈለጋችሁ በመኪና አትምጡ።